በልክ የተሰፋ የበዓል ስጦታ፦ ከእንዝርት እስከ መርፌ

የታኅሣሥ ወር ገብቶ የገናና የጥምቀት በዓላት ሲቃረቡ ሥራ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች መካከል የሽመናና የልብስ ስፌት ቤቶች በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ከአዲስ አበባ መሐል በስተሰሜን፣ ከስድስት ኪሎ ከፍ ብሎ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኘው የሽሮ ሜዳ ገበያ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሱቆች ነጫጭ ቀሚሶችን፣ ነጠላዎችንና ጋቢዎችን ሰቅለው ገዢ ይጠባበቃሉ። በአካባቢው መንደሮች ውስጥ ደግሞ ሸማኔዎች መወርወሪያቸውን ሲያመላልሱ፣ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ሲረግጡ ያመሻሉ።

ወደ ገበያው የሚመጣው ሰው ሁሉ ለራሱ የሚገዛ አይደለም። አንዱ ለእናቱ ጋቢ ያዛል። ሌላዋ ለታናሽ እህቷ ቀሚስ ታሰፋለች። በውጭ አገር የሚኖረው ወንድም በዘመድ በኩል ገንዘብ ልኮ ለልጆቹ የሀበሻ ልብስ ያሠራል። እነዚህ ሁሉ የሚፈልጉት ከተሰቀለው መካከል የሚመረጥ ዕቃ ሳይሆን ለአንድ ሰው ታስቦ፣ በዚያ ሰው ልክ የተሠራ ስጦታ ነው።

እንዲህ ያለው ስጦታ የሚጠይቀው ዋነኛ ነገር ጊዜ ነው። በበዓል ሰሞን የሚጠፋውም ይኸው ጊዜ ነው። ትእዛዙ ሲዘገይ ልብሱ በልክ መሠራቱ ይቀርና በግምት ይሆናል፤ የመዘግየቱ ዕዳም በአዛዡ ላይ ብቻ ሳይሆን ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ በሚያሳልፉት የእጅ ባለሙያዎች ላይ ይወድቃል። በመሆኑም ስጦታ ለማሠራት ያሰበ ሰው ሥራው የሚያልፍበትን መንገድ አስቀድሞ ማወቁ ለራሱም ለሠሪውም ይጠቅማል።

ስጦታው በባህል ያለው ቦታ

በኢትዮጵያ አዲስ ልብስና በዓል የተሳሰሩ ናቸው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው የቆየ አባባል የዚህ ትስስር ምስክር ነው። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ዓለም ካወቃቸው የበዓሉ ገጽታዎች አንዱ ታቦታቱን አጅቦ የሚወጣው ነጭ የለበሰ ሕዝብ ነው። ከእንቁጣጣሽና ከመስቀል ጀምሮ እስከ ጥምቀት ድረስ ባሉት ወራት የልብስ ሰፊው ደጅ ሰው አይለየውም። በሙስሊሙ ኅብረተሰብ ዘንድም ለዒድ ልጆችን አዲስ ማልበስ የተለመደ ነው። የዒድ በዓላት በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚውሉ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደፊት ይመጣሉ፤ በአንዳንድ ዓመታትም ከሌሎች በዓላት ጋር ተቀራርበው የሰፊውን ሥራ እጥፍ ያደርጉታል።

ከልብስ ስጦታዎች መካከል ጋቢ የተለየ ክብር አለው። ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ የሚሠራ ወፍራም የጥጥ ልብስ በመሆኑ ለብርድ ጊዜ የሚመረጥ ነው። ሥራ የያዘ ወጣት ከመጀመሪያ ደመወዙ ለአባቱ ወይም ለእናቱ ጋቢ ገዝቶ ማልበሱ እስከ ዛሬ ድረስ የሚታይ ልማድ ነው። ወላጅ ጋቢውን ተከናንቦ «እደግ፣ ተመንደግ» ብሎ ሲመርቅ ስጦታው ምላሹን አገኘ ማለት ነው። የገና ቅዳሴ የሚከናወነው በሌሊት በመሆኑም ጋቢው በዚያው በዓል ዕለት አገልግሎቱን ይጀምራል።

ከጋቢ ሌላ በቤት ውስጥ በመርፌና በክር የሚሠሩ ስጦታዎችም ረጅም ታሪክ አላቸው። የትራስ ልብስ፣ የአልጋ ልብስ፣ የመሶብ ልብስና መሐረብ ላይ አበባ፣ ወፍ፣ መስቀል ወይም የተቀባዩን ስም ጠልፎ መስጠት በቀድሞ ጊዜ የልጃገረዶች የሙያ መለኪያ ተደርጎ ይታይ ነበር። በኪሮሽ የሚሠራው ዳንቴልም ከጠረጴዛና ከሶፋ አልፎ የቴሌቪዥን ማልበሻ እስከመሆን ደርሷል። እነዚህ የእጅ ሥራዎች ወጪያቸው አነስተኛ፣ የሚጠይቁት ትዕግሥት ግን ከፍተኛ ነው።

አንድ ቀሚስ በስንት እጅ ያልፋል

በርካታ አዛዦች ልብስ ሰፊውን ብቻ ስለሚያገኙ ሥራው በአንድ ሰው እጅ የሚጀመርና የሚያልቅ ይመስላቸዋል። እውነታው ግን የተለየ ነው። አንድ የሀበሻ ቀሚስ ቢያንስ በአራት ባለሙያዎች እጅ ያልፋል።

የመጀመሪያዋ ፈታይዋ ናት። ፍሬው ተዳምጦ የወጣለት ጥጥ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል። ሴቶች ባዘቶውን በእንዝርት እየፈተሉ ወደ ክርነት ይለውጡታል፤ ክሩም በልቃቂት ተጠቅልሎ ለገበያ ይቀርባል። በአሁኑ ጊዜ ለድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ጥቅም ላይ ይውላል፤ የእጅ ፈትሉ ደግሞ ለማጉ ይውላል። የእጅ ፈትል ማግ ለልብሱ ልስላሴና ሙቀት ስለሚሰጥ ጥሩ ፈትል በገበያ ተፈላጊ ነው።

ሁለተኛው ሸማኔው ነው። በሽሮ ሜዳና በጉለሌ አካባቢ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋማ አካባቢዎች፣ በተለይም ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ወይም ከእነርሱ የተወለዱ ናቸው። በዶርዜ ባህል ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ሸማኔው በመጀመሪያ ድሩን ያደራል። ከዚያም ጉድጓድ ከንፈር ላይ ተቀምጦ፣ በእግሩ መርገጫውን እያፈራረቀ፣ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝ ወደ ግራ እየላከ ማጉን ከድሩ ጋር ያዋሕዳል። የሸማው ስፋት የሚወሰነው ሸማኔው መወርወሪያውን ጥሎ በሌላው እጁ ለመቀበል በሚችልበት ርቀት ነው። ሰፊ ልብስ ሲፈለግ ሁለት ሸማ ጎን ለጎን ተጋጥሞ የሚሰፋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጊዜ የሚወስደው በዋናነት ጥለቱ ነው። በጥለት ሥራ ሸማኔው ባለ ቀለም ክሮችን በድሩ መካከል በጣቱ እየቆጠረ ያስገባል፤ አንድ ረድፍ ጥለት ከጨረሰ በኋላ ማጉን ወርውሮ ያጠብቀዋል። አንዲት ክር በስሕተት ከታለፈች ቅርጹ ስለሚዛባ መፍታትና እንደገና መጀመር ግድ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ቀለል ያለ ጥለት ያለው ነጠላ በጥቂት ቀናት ሲያልቅ፣ ጥለቱ ሰፊና ረቂቅ የሆነ የቀሚስ ጨርቅ ግን ሳምንታትን ሊወስድ ይችላል።

ሦስተኛው ጥልፍ ጠላፊው ነው። ጥለት ከሽመናው ጋር አብሮ የሚወለድ ሲሆን ጥልፍ ግን ሽመናው ካለቀ በኋላ በመርፌ ወይም በጥልፍ መኪና የሚጨመር ጌጥ ነው። በደረት፣ በእጅጌና በጀርባ የሚወርደው የመስቀል ቅርጽ ብዙውን ጊዜ በጥልፍ የሚሠራ ነው። አራተኛው ልብስ ሰፊው ሲሆን ጨርቁን በተለካው መጠን ቆርጦ፣ ገጥሞና ቀምቅሞ ልብስ ያደርገዋል። ከእነዚህ ባሻገር የነጠላውን ዘርፍ በእጅ የሚቋጩ፣ ልብሱን አጥበው የሚተኩሱም አሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት በዚህ ሥራ ውስጥ በገሃድ ይታያል፤ የአንዱ መዘግየት የሌላውን ሥራ ሁሉ ያቆመዋልና።

ልክና ምልክት

ስጦታን ከሸቀጥ የሚለዩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ልክ፣ ሁለተኛው ምልክት ነው።

ልክን በተመለከተ ስጦታው በድብቅ እንዲደርስ የሚፈልግ ሰው ተቀባዩን ወስዶ ማስለካት አይችልም። ለዚህ የሚሰጠው መፍትሔ ተቀባዩ በሚገባ የሚሆነውን አንድ ልብስ ለልብስ ሰፊው ይዞ መሄድ ነው። ሰፊው ልብሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ወገቡን፣ የእጅጌውን ርዝመትና ቁመቱን በሜትር ይወስዳል። በአሮጌ ፎቶግራፍ ወይም «የእኔን ያህላል» በሚል ግምት የሚሰፋ ልብስ ግን ብዙውን ጊዜ ለጥገና ይመለሳል። ለሕፃናት በሚሰፋ ልብስ ላይ ከታችና ከእጅጌው ጫፍ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ትርፍ ጨርቅ ማስቀረት ይመከራል፤ ልጁ ሲያድግ ተፈትቶ ሊረዝም ስለሚችል ስጦታው ለሚቀጥለው ዓመት በዓልም ይደርሳል።

የእጅ ሽመና ጨርቅ አንድ የታወቀ ባሕርይ አለው። ጥጥ እንደመሆኑ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ስለዚህ ጨርቁን ከመቁረጥ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ ማድረቅ፣ ይህ ካልተቻለም ሲቆረጥ ለቀቅ ማድረግ ተገቢ ነው። የጥለቱና የጥልፉ ክር ቀለም እንዳይለቅ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈትጎ መፈተንም ቀላል ጥንቃቄ ነው። ቀለሙ ነጩን ጨርቅ ካቆሸሸ ክሩ ከመሰፋቱ በፊት መለወጥ ይኖርበታል፤ ከተሰፋ በኋላ የሚለቅ ቀይ ቀለም ነጩን ቀሚስ በአንድ እጥበት ያበላሸዋልና።

ምልክት የሚባለው ደግሞ ስጦታው የዚያ ሰው ብቻ መሆኑን የሚያሳየው ነገር ነው። የተቀባዩ ስም የመጀመሪያ ፊደል፣ የሚወደው ቀለም፣ የትውልድ አካባቢው የአለባበስ ፈሊጥ ወይም ከእናት ቀሚስ ጥለት ጋር የሚመሳሰል የልጅ ቀሚስ ጥለት ምልክት ሊሆን ይችላል። የቤተሰቡ አባላት በአንድ ዓይነት ጥለት የሚለብሱበት ልማድም በከተሞች እየሰፋ መጥቷል። በዚህ ጊዜ ጨርቁ በሙሉ በአንድ ሸማኔ፣ ከአንድ ጊዜ የክር ግዢ እንዲሠራ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በተለያየ ጊዜ የሚገዙ ክሮች ስማቸው አንድ ቢሆንም ቀለማቸው ሊለያይ ይችላልና።

ጥድፊያው የሚያስከፍለው ዋጋ

የበዓሉ ቀን ሲቀርብ የሚጎርፈው ትእዛዝ በሦስት አቅጣጫ ጉዳት ያስከትላል። የመጀመሪያው በጥራቱ ላይ ነው። ሸማኔው ማጉን ሳያጠብቅ ያሳልፈዋል፣ ጠላፊው ስፌቱን ያራርቀዋል፣ ሰፊውም የማስለኪያ ጊዜውን ይዘለዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው በጥድፊያ የተሰፋው ልብስ ከበዓሉ በኋላ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል።

ሁለተኛው ጉዳት በገበያው ላይ ነው። በእጅ የሚሠራው ሳይደርስ ሲቀር ገዢው የጥለቱን መልክ አትመው ከውጭ ወደሚመጡ ርካሽ ጨርቆች ፊቱን ያዞራል። እነዚህ ጨርቆች ከሩቅ ሲታዩ ጥለት ይመስላሉ፤ ሲገለበጡ ግን ይለያሉ። በእጅ የተሸመነ ጥለት ክሩ በጨርቁ ውስጥ ስለሚያልፍ በጀርባው በኩልም ይታያል፤ የታተመው ግን በአንድ ፊት ላይ የተቀባ ቀለም ነው። የዚህ ዓይነቱ ጨርቅ ሽያጭ በሰፋ ቁጥር የፈታይዋና የሸማኔው የዓመት ገቢ ይቀንሳል። የእነዚህ ባለሙያዎች ዋነኛ ገቢ የሚሰበሰበው በበዓላት ሰሞን እንደመሆኑ አንድ የከሰረ በዓል ብዙ ወራትን ይጎዳል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው በሰው ላይ የሚደርሰው ነው። ሸማኔው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ስለሚውል ጀርባው፣ ጥልፍ ጠላፊዋ በደብዛዛ ብርሃን ስለምትሠራ ዓይኗ ይጎዳል። የሽመና ሥራ ሕፃናት ከጋሞ አካባቢ ወደ አዲስ አበባ እየተወሰዱ ከትምህርት ገበታ ርቀው ሲደክሙበት የኖረ ዘርፍ መሆኑም በተደጋጋሚ የተነገረ ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞችም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩና በሌሊት ሥራ እንዳይሰማሩ ይደነግጋል። ይሁንና በየመኖሪያ ቤቱ ጓዳ የሚከናወነው ሽመና ከተቆጣጣሪ ዓይን የራቀ ነው። በሦስት ቀን እንዲደርስ የሚታዘዝ ጋቢ በማን እጅ፣ በስንት ሰዓት ሥራ እንደሚደርስ አዛዡ ሊጠይቅ ይገባዋል።

የጊዜ ስሌት

ከላይ የተገለጹትን ችግሮች ለማቃለል ዋነኛው መንገድ ጊዜን ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ እየቆጠሩ መመደብ ነው። ለዚህም ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው የጾም መግቢያ ጥሩ መነሻ ይሆናል። የነቢያት ጾም በኅዳር 15 ይገባል። ገና በታኅሣሥ 29 የሚውል ሲሆን ትእዛዙን በጾሙ መግቢያ የሰጠ ሰው 44 ቀናት ይኖሩታል። ልብሱ ለጥምቀት የሚፈለግ ከሆነ እስከ ጥር 11 ድረስ 56 ቀናት፣ ማለትም ስምንት ሳምንታት አሉ።

ከእነዚህ ስምንት ሳምንታት የመጀመሪያው ለክር መረጣና ጥለት ለመወሰን ይውላል። ቀጥሎ ያሉት ሦስት ወይም አራት ሳምንታት ለሽመናው ይተዋሉ። አንድ ሳምንት ለጥልፍ፣ አንድ ሳምንት ለስፌት ሲመደብ ቀሪው ለማስለካት፣ ለማስተካከልና ለመጠባበቂያ ይሆናል። የተጠናቀቀ ሸማ ገዝቶ ማሰፋት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ የሽመናው ጊዜ ስለሚቀርለት ሦስት ሳምንት ሊበቃው ይችላል። በገናና በጥምቀት መካከል ያሉት 12 ቀናት ግን ለአዲስ ትእዛዝ የሚበቁ አይደሉም፤ በእነዚህ ቀናት ሊሠራ የሚችለው የተጀመረን መጨረስ ነው። ለውጭ አገር ዘመድ የሚላክ ስጦታ ሲሆን የመንገዱ ጊዜ በስሌቱ ላይ መጨመር አለበት።

ቀብድ አስቀድሞ መክፈልም የጊዜ ስሌቱ አካል ነው። ሸማኔው ድርና ማግ የሚገዛው በእጁ ባለው ገንዘብ በመሆኑ ቀብድ ያልተቀበለበትን ሥራ ለመጀመር ይቸገራል። የጥለቱን ቀለም፣ የልብሱን ልክ፣ የሚረከብበትን ቀንና የተከፈለውን ገንዘብ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ሁለቱም ወገኖች መያዛቸው በኋላ የሚነሳን ክርክር ያስቀራል።

በቤት ውስጥ ለሚሠሩ

የቀሚስ ወይም የጋቢ ዋጋ ከአቅሙ በላይ የሆነበት፣ ወይም ጊዜ ያለፈበት ሰው ስጦታውን በገዛ እጁ መሥራት ይችላል። ከሥራ ሲመለስ በየምሽቱ ግማሽ ሰዓት የሚመድብ ጀማሪ አንድ መሐረብ ወይም አንድ የትራስ ልብስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጠልፎ ለመጨረስ አይቸገርም። ለዚህም የሚያስፈልጉት ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ የጥልፍ ክር፣ መርፌ፣ መቀስና ጨርቁን ወጥሮ የሚይዝ ክብ የእንጨት መወጠሪያ ብቻ ናቸው።

ሥራው የሚጀመረው ጨርቁን አጥቦ በመተኮስ ነው። ከዚያም ፊደሉ ወይም አበባው በእርሳስ ስስ ተደርጎ ይነደፋል። ክሩ ከአንድ ክንድ ሳይበልጥ መቆረጥ አለበት፤ ሲረዝም ይተበተባል፣ በጨርቁ ውስጥ ሲመላለስም ይሳሳል። ቋጠሮ በጀርባ በኩል ጎልቶ እንዳይታይ የክሩን ጫፍ በተሰፉት ክሮች ሥር አሳልፎ መቁረጥ ይመረጣል። የጨርቁ ጠርዝ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ሲቀመቀም ዘርፉ አይተረተርም። ብዙ ስጦታ ያሰበ ሰው በአንድ ምሽት የሁሉንም ጨርቅ ቆርጦ፣ በሌላው የሁሉንም ነድፎ፣ ቀጥሎ ጥልፉን ቢጀምር ሥራው ይቀልለታል። ሁሉን በአንድ በዓል ለማድረስ ከመጣጣር ይልቅ በዚህ ዓመት ለእናት፣ በሚቀጥለው ለአባት እያሉ ማከፋፈልም ነውር የለበትም።

የስጦታው ትርጉም

በእጅ የተሠራ ስጦታ ከተሰጠ በኋላም ታሪኩ ይቀጥላል። የልጅ የክርስትና ልብስ ለታናሹ ይተላለፋል፤ የእናት ጥበብ ቀሚስ በሣጥን ተቀምጦ ለልጅ ሠርግ ይወጣል። ሲያረጅ እንኳ ጥለቱ ተቆርጦ በአዲስ ጨርቅ ላይ የሚሰፋበት ጊዜ አለ። ይህ ዕድሜ የሚገኘው በመጀመሪያ በሚገባ ከተፈተለ፣ በሚገባ ከተሸመነና በሚገባ ከተሰፋ ብቻ ነው።

የበዓል ሰሞን ሩጫ የሚቀር አይሆንም። ይሁንና በኅዳር የታዘዘና በጥር የታዘዘ ጋቢ ዋጋቸው በገበያ አንድ ቢሆንም ከጀርባቸው ያለው የሰው ድካም አንድ አይደለም። ትእዛዙን በጊዜ የሚሰጥ፣ ቀብዱን የሚከፍልና ለሠሪው በቂ ቀን የሚተው ሰው ለወላጁ ሙቀት ያለው ልብስ ሲያለብስ ለፈታይዋ፣ ለሸማኔው፣ ለጠላፊዋና ለሰፊውም በዓሉን ከቤተሰባቸው ጋር የሚውሉበትን ዕረፍት ይሰጣል።